ግማሹ ስንት ነው?

በደሴታችን ላይ፣ ስጦታ የበላ፣
ግማሹን ይመልሳል፣ አንድ ወር ሳይሞላ።
ሩዝ ላመጣልህ ሰው፣ ሻይ ይላክለታል፤
የለቅሶ ቤት ገንዘብ፣ በፎጣ ይፈታል።
እናቴ ኪኑኤ ደብተር ነበራት፣
ከመስታወት ይልቅ ደጋግማ ያየቻት።
በግራ ገጽ «መጣ»፣ በቀኝ ገጽ «ሄደ»፤
በሁለቱ መሐል መስመር ካልወረደ፣
እንቅልፍ በዐይኗ አይዞር። «ብድር በምድር ነው፤
ልጄ፣ ከነዕዳው ሞቶ ማነው ያማረው?»

ሰባት ዓመቴ ነው። መስከረም በእኛ አገር፣
አበባ አይደለም፤ አውሎ ነው በባሕር።
ኳሴን ስከተላት ከግድቡ ዳር ድረስ፣
አንድ ሞገድ መጣ፣ እኔን ይዞ ሊመለስ።
ኢዋኦ ከወደቡ መረብ ይጠግናል፤
ወስፌውን በጥርሱ እንደያዘ ዘሏል።
ወደ ላይ ሲጥለኝ እጄ ገመድ ነካ፤
የእሱ እጅ ግን ቁልቁል ባሕሩን ለካ።
ሬሳው አልተገኘም፤ በሳልስቱ ብቻ፣
ወስፌውን ተፋልን፣ እንደ መሰናበቻ።

በዚያ ሌሊት እናቴ ደብተሯን ገለጠች፤
በግራው ገጽ አናት «ሺንፔይ ዳነ» አለች።
ቀኙ ገጽ ባዶ ነው። ብዕሯ ደረቀ።
የአንድ ሰው ግማሹ ስንት ነው? ማን አወቀ?
ስንት ፎጣ ይሆናል? ስንት ጆንያ ሩዝ?
በምን ጨርቅ ይቋጠር፣ በየት መንገድ ይጓዝ?

አርባ ቀን ቆይታ ኮረብታውን ወጣች፤
የሰርግ ኪሞኖዋን፣ የጀልባ ውሏን ያዘች፤
በሌላ እጇ እኔን።

ፉሚዮ በሩ ላይ፣ ዐይኗ ያበጠ፣ ቀይ፣
ኪሞኖውን ሳይሆን እኔን ነበር የምታይ።
«ግማሹን» አለች እናቴ፣ ድምጿ እየተቆረጠ፤
«ከብዙ በጥቂቱ... ልጁም ያገልግልሽ፣ ይኸው ተሰጠ።»

ሴትየዋ ዝም አለች። ዝናብ ጣሪያ መታ።
«ባሌን ቢመልሱልኝ በወደድኩ» አለች ቆይታ፤
«ዋሽቼ ምን ላገኝ? ሌሊቱን እጮኻለሁ፤
ግን ኢዋኦ አላበደረም፤ ደረሰኝ ከየት አመጣለሁ?
ሰጠ እንጂ። ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልሽጠው?
በዚህ ኪሞኖ ልክ ሞቱን ልመነዝረው?»

ጭስ ያጠቆረውን መስቀል አየች ከግድግዳ፤
«እኔም በዚያ ቤት ነኝ፤ ያልከፈልኩት ዕዳ፣
የማልከፍለው» አለች። «ሞክሬ ነበረ፤
በሻማ፣ በጾም፣ በእንባ፤ ሚዛኑ ግን ተሰበረ።
ለካ የተፈለገው ባዶ እጄ ኖሯል፤
ባዶ እጅ፣ እኅቴ፣ ከሙሉ እጅ ይከብዳል።»

ጭራሽ ስንሄድ ጠርታን፣ ሰባት መንደሪን ከነቅጠሉ
ቋጠረች። ለእኔም ወስፌውን፤ ጨው በልቶታል አካሉን ሁሉ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እናቴ አለቀሰች፤
ሐዘን አልነበረም፤ ተናዳ ነበረች።
«ልከፍል ሄጄ እንዲህ፣ ዕዳ ጨምሬ ልምጣ?»
ማታ በግራው ገጽ «መንደሪን» ብላ ጻፈች በቁጣ።
(ስድስት ነው ያለችው፤ አንዱን ሰርቄ በልቻለሁ፤
እስከ ዛሬ ድረስ ጣዕሙን አስታውሳለሁ።)

ዓሣ ይዛ ወጣች፣ ሠላሳ ዓመት፣ በየወሩ፤
ፉሚዮም ትቀበላለች፤ ሻይ ይጣዳል፣ ይዘጋል በሩ።
«ለዕዳው ነው» ስትላት፣ «ለወዳጅነት» ትላለች፤
እናቴም ከደብተሯ አንዲት መስመር አላሰመረች።

በሞተች በማግስቱ ደብተሩን ከፈትኩት፤
ያን የቆየ ገጽ፣ ከስሜ ትይዩ፣ አገኘሁት።
በቀኙ፣ «ሄደ» በሚለው፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣
አንዲት ቃል ጽፋለች፣ ቀለሟ የፈጠጠ፦

«ተቀበልኩ።»

መስመር የለም። ድምር የለም።

ዛሬ በዚያ ወስፌ መረብ እጠግናለሁ፤
ሲመሽ፣ ሥራ ሳቆም፣ መዳፌን እከፍታለሁ፤
ባዶውን። ይከብዳል።
እለማመዳለሁ።