ነጭ ጫፍ

ሹራብ በኛ ደሴት የወንድ እጅ ሥራ፣
ሴቷ ከሽመናው፣ እኛ ከሽቦው ጋራ፤
ክሩን ባንገት አዙረን፣ አምስት ሽቦ ይዘን፣
ጀልባ እየጠበቅን፣ ዳገት ወጥተን ወርደን
እንሠራለን ዝም ብለን።

ቀይ ቆብ ላገባ ሰው።
ከወገቡ በላይ፣ ጫፉ ነጭ ከሆነ
ለባሹ ወንደላጤ ነው፣ ገና ለጎጆ ያልታመነ።

የአባቴ አጎት ሳቱርኒኖ፣ ሰማንያ አራት ያለፈው፣
ቆቡን ከወደቡ ላይ ነፋስ ነጥቆ ሐይቁ ላይ ጣለው።
እስከ ዛሬ የሚያደርገውን ራሱ ይሠራ ነበር፤
ዘንድሮ ግን ጣቱ አልታዘዝ አለ፣ አንዷን ዐይን ይዞ ሲያሻግር
ሦስቱ ያመልጡታል።

«አንተ ሥራልኝ» አለኝ።
በክር ዙሬ ለካሁት፤ አንሷል፣ ጠቧል ራሱ፣
በር ሲገባ ጎንበስ ይል የነበረው፣ ያ ሰው እሱ።

«ቀዩን ክር ነክሬዋለሁ» ስለው፣ «ነጭ ጫፍ አድርግበት።»
ሣቄ አመለጠኝ። ኮስተር አለ። አፈርኩበት።
«አጎቴ፣ የልጅ ልጅ አይተሃል፤ ሃምሳ ዓመት ኖረህ በትዳር፤
ምን ይላል መንደሩ? ልጅህስ ቢሰማ ይሄን ነገር?»
ዝም። ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል።

ሦስት ሳምንት ሠራሁ፣ ማታ ማታ፣ ሰው እንዳያየኝ፤
ሚስቴ ብቻ አየች፤ «ልትፈታኝ ነው ወይ?» አለችኝ።
ቀዩ እንደ ልማዱ ሄደ፤ ከነጩ ስደርስ ግን እጄ ሰነፈ፣
አንድ ዐይን ሾለከ፤ አላየሁትም፤ ሥራው አለፈ።

ስሰጠው አላደረገውም። ገልብጦ እንደ ዋንጫ ያዘው።
«ውሃ አምጣ።» ደንቡን አውቃለሁ፤ አማት ሙሽራን የሚፈትነው
እንዲህ ነው፤ የጠበቀ ቆብ ውሃ ይይዛል ይባላል።
በጣሳ ቀዳሁለት። ያዘ። ያዘ። ከዚያ ከነጩ ግርጌ ጠብ ይላል
አንድ ጠብታ። ሌላ። ሌላ።

«የኢግናሲያ አባት ቢሆን ላንተ አይድርም ነበር» ብሎ ሳቀ፣
እስኪያስለው ሳቀ። ሳሉ ሲያልፍ ሳቁም አለቀ።
«የኔን ሲፈትን» አለ፣ «አንድ ጠብታ አልወደቀ።

«ከምንጭ ስትመለስ ያየችኝ ቀን ነጭ ጫፍ ነው ያደረግሁት፤
እሷ የምታውቀው ያንን ነው። ቀዩን ኋላ ነው የለመድኩት።
እዚያ ያለው ሽማግሌ ሁሉ ባለ ቀይ ቆብ ነው፤
የእሷ ዐይን ደግሞ ደካማ ነው። በምን ብላ ትለየው
ባሏን፣ ከዚያ ሁሉ ሰው?»

ልፍታውና ልድገመው አልኩት፣ ከሾለከው ዐይን ጀምሬ።
ጊዜ የለኝም አላለም። «ብርድ ነው» አለ፣ «ስጠኝ ዛሬ።»
ውሃውን ለድንቹ መደብ ደፋው፤ ጨመቀ፤ እርጥቡን አጠለቀ፤
የድንጋይ ደረጃውን ወረደ፣ አንድ አንዱን በእግሩ እያወቀ።
እኔ ከኋላው፣ ባዶ ጣሳዬን ይዤ።

አንዲት አሮጊት ከበሯ «ማንን ልታገባ ነው?» ስትለው
ቆም አለ። ጆሮው ሥር የወረደውን ውሃ በእጅጌው ጠረገው።
«ያችኑ» አላት።