ኮከብ ይስጡ

አሥራ አምስት ገጽ ሪፖርት ጻፊ ተባልሁ፤
ሁለት መተግበሪያ ላመዛዝን ወጣሁ።
አረንጓዴው «ዘንቢል»፣ ዝግ ያለ፣ የረጋ፤
ቀዩ ደግሞ «ከች» ነው፣ ሳይጠሩት የሚጠጋ።

ቢሮ አልተቀመጥሁም። ሽምብጥ ድረስ ወርጄ፣
ከእትዬ ታንጉት ደጅ፣ ከማንጎው ሥር ሄጄ፣
ስልኩን አቀበልሁና «ይዘዙልኝ» አልሁ፤
ደብተሬን ዘርግቼ አውራ ጣታቸውን አየሁ።

ያ ጣት ሠላሳ ዓመት ቅዳሜ ገበያ
ቲማቲም ሲጫን ነው የኖረው፤
ብስሉን ከጥሬው በልስላሴ የሚለይ ነው።
ዛሬ መስታወት ነካ። ጫን አለ። ቀዘቀዘው።
«ይኼማ ድንጋይ ነው» አሉ፤ ደግመው ጫን፣ ሠልሰው ጫን፤
ዘንቢል በጫኑት ቁጥር አንድ ኪሎ እየጨመረ
ብስለት ሲፈትሹ
ዘጠኝ ኪሎ ቲማቲም ታዘዘ።
(ጻፍሁ፦ «ገጽ ሦስት። የመደመር ምልክቱ ከሥዕሉ ጋር ተጣብቋል።»)

«እዘዝ» ይላል ዘንቢል።
«ማንን ነው እዘዝ የሚለው? ባሌን ከሆነ
ሞቷል፤ ንገሪው።»
ከች ጨዋ ነው፤ «ይዘዙ» ብሎ ጎንበስ ይላል፤
ጎንበስ ያለበት ፊደል ግን ከጤፍ ያንሳል።
እትዬ ታንጉት የእኔን መነጽር በመነጽራቸው ላይ ደርበው
«ይያዙ» ብለው አነበቡት፤
ስልኩን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

ሰዓቱ ደግሞ አለ።
ዘንቢል «8:00» ቢል፣ ስምንት ሰዓት ነው ብለው
ተረጋግተው ቅዳሴ ሄዱ።
ዕቃው በጠዋት፣ በሁለት ሰዓት መጥቶ አጥር ላይ ተሰቅሎ ኖሯል፤
የጎረቤት ፍየል ጎመኑን ጨርሳ
ዘንቢሉን ስታላምጥ ደረሱ።
ከች «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ይጠይቃል።
(እዚህ ላይ ከች ያሸንፋል። ጻፍሁ።)

ምርቃቱ ግን ከሁለቱም የለም።
«ያቺ በላይ ጣል የምትደረገዋስ?
ሁለት ፍሬ ሽንኩርት፣ አንዲት ቃሪያ፣
መርቂኝ የምልበት የቱ ጋ ነው?»
«ቅናሽ የሚል አለ፣ እትዬ፤ አሥር በመቶ።»
«ቅናሽማ ከዋጋ ላይ ይነሣል፤
ምርቃት ከሰው እጅ ነው የሚወድቅ።»
ወደ ላይ ሳብሁ፣ ወደ ታች ሳብሁ፤
ምርቃት የሚጫኑበት ቁልፍ አጣሁ።

በመጨረሻው ቀን በከች ቆሮሶ አዘዙ።
ካርታው ቤታቸውን ከነማንጎው አንሥቶ
ጣና ውስጥ ጣለው፤
ከዳር ሁለት መቶ ሜትር ገባ አድርጎ፣ ጉማሬ ከሚታይበት።
ልጁ፣ ምናላቸው፣ ብስክሌቱን ደንገል ላይ አስደግፎ ደወለ፦
«እናቴ፣ ካርታው ቀጥል ይለኛል፤ ታንኳ ልከራይ?
ወይስ ዓሣውን እዚሁ ልልቀቀው፣ ቤቱን ያውቀዋል?»
ሳቁ፤ ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤
ከዚያ በድምፅ ይመሩት ጀመር፦
«ጀርባህን ለውኃው ስጥ። ወፍጮ ቤቱ ይሰማሃል?
ወደሱ ና። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር።
ውሻው ይጮኻል እንጂ አይነክስም።»
በአራት ደቂቃ ደረሰ።

ዓሣው ገና ሳይፈታ ከች በራ፦
«ለምናላቸው ኮከብ ይስጡ።»
«የእናቱ ስም ማነው?»
«ምን ያደርጋል?»
«ስሙ ከእናቱ ስም ጋር ሳይደመር
ኮከቡ በምን ይታወቃል፣ ልጄ!
እኔ ዝም ብዬ ለሰው ልጅ ኮከብ አልሰጥም።»
ልጁ ፔዳሉን ረግጦ ሄዷል፤
ነጠላ ጫማዬን ጥዬ
እስከ አስፋልቱ በሩጫ ተከተልሁት።

ሪፖርቱ ገባ።
ሠንጠረዥ አለው፣ ቀስት አለው፣ ቀለም አለው፤
የትኛው እንደተሻለ ገጽ ስድስት ላይ ተጽፏል።
አሥራ አምስተኛው ገጽ ላይ ግን
«ብርዛፍ» የሚል አንድ ስም ብቻ አለ።
እስካሁን ማንም
ይህች ማናት ብሎ አልጠየቀኝም።