ሰባት ቤት

«መርሻ የእንግዳ ልጅ፣ እንግዳ የተሰማ…»
በስልክ ይቆጥራል አጎቴ ጀንበሩ፣
ነገ ሽማግሌ ስለሚመጣ ነው፤
ሰባት ቤት ሳይለይ አይጸናም ትዳሩ።

እኔ ቤርሳቤህ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ፣
ከሆስፒታሉ ሥር፣ ማይክሮስኮፕ ላይ፣
የማላውቀው ሰው ሴል፣ ሊከፈል ሲል ቆሞ፣
በሐምራዊ ቀለም፣ አጎንብሼ ሳይ፤

ክሮቹ ተቀድተው፣ ሁሉም እጥፍ ሆኖ፣
የእናት የአባት ክር ጥንድ ጥንዱን ይዞ፣
ክንድ አቆላልፎ ተኝቷል ጎን ለጎን፤
ቁራጭ ተቀያይሮ፣ ድንበሩ ደብዝዞ።

ከዚያማ ዕጣ ነው፣
ማን ወደ ቀኝ ይሂድ፣ ማን ወደ ግራ፤
ዳኛም ሽማግሌም የለም በዚያ ሥፍራ።
ሁለቴ ተከፍሎ
አርባ ስድስት የነበር ሃያ ሦስት ሲቀር፣
ስምንት ሚሊዮን ነው የዕጣው መንገድ፣
የቁራጩ ልውውጥ ገና ሳይቆጠር።

ኦስናትና እኔ ከአንድ አባት፣ ከአንድ እናት፤
እሷ ሸንበቆ ናት፣
እኔ አጭር፣ ፍንጭት።

«ጋሼ፣ በየቤቱ ግማሹ ይቀራል፣
ደጃፍ ላይ ይወድቃል» አልኩት በቀስታ።
«ምን ግማሽ አመጣሽ? ሙሉ ሰው ነው እኔ
የምቆጥርልሽ!» አለኝ በቁጣ።

«ፍንጭቴስ የማን ነው?»
ዝም።
«አንዲት ነበረች አሉ፣ ከተሰማ ቤት በላይ፣
ስትስቅ ነፋስ የሚገባ በጥርሷ መሃል።
ስሟን ማን ያዘው?»

የላይኞቹ ስሞች፣ ምናልባት፣
አንዲት ቁራጭ እንኳ አላቀበሉኝም፤
እሷ ግን፣ ያልተቆጠረችው፣
እዚህ ምድር ቤት፣ ብቻዬን፣
ስስቅ ትስቃለች።