የቀርከሃ ሒሳብ

አያቴን፣ ቴክ ሁዋትን፣ ክንዱን ደግፌ፣
ሜኑ የሚያውለበልቡትን በክርኔ ገፍቼ አልፌ፣
ከሲንጋፖር ወንዝ ዳር ወንበር ሳብኩለት፤
ሰማንያ አራት ዓመት የሞላው ዕለት።

ሩዝ የታጨቀበት መጋዘን፣ ሐምራዊ መብራት ለብሶ፣
ሙዚቃው ከበሩ ይወጣል የሰው ጆሮ በጥሶ።
«ምን ይሸትሃል?» አልኩት፣ አፍንጫውን ሲነፋ፤
«ምንም» አለ፣ «ምንም። ሽታው እንኳ ጠፋ።
ያኔ የዓሣ አንጀት፣ ጥሬ ጎማ፣ ጭቃ፤
አያትሽ አልጋ ትለይ ነበር በቃ።»

ከጀልባ እስከ በሩ፣ ጠባብ የሳንቃ ድልድይ፣
ውሃው ከእግሩ በታች፣ ጆንያው ከጫንቃው ላይ፤
ለአንድ ጆንያ አንዲት ቀርከሃ፣ ጫፏ ቀይ የተቀባ፣
ማታ ተቆጥራ፣ ሳንቲም ሆና፣ ወደ ቤት የምትገባ።
«አንድ ቀን» አለ ዝቅ ብሎ፣ «ሦስቱ ከወገቤ ሾልከው፣
ወንዙ በላብኝ።
አለቃው «የታሉ?» ሲል፣ ምን ልበለው?»

ጥብሱ መጣ፣ በቀርከሃ ስንጥር የተሰካ፤
እሱ ሥጋውን ትቶ ስንጥሩን በጣቱ ለካ።
ብዙም አልበላ። አስተናጋጁ፣ ሎቲ ያንጠለጠለ ልጅ፣
ሳህኑ ላይ ስንጥር ይቆጥር ጀመር፣ ሒሳብ ሊያዘጋጅ።
«አሥራ ሰባት» አለ።
ሃያ እንደነበር አውቃለሁ፤
የአያቴን የደረት ኪስ አይቼ ዝም ብያለሁ።

ለልጁ ጉርሻ ጨመርኩ፣ ከሦስቱ ዋጋ የበለጠ፤
እሱ ወንዙን ያይ ነበር፣ ፊቱ አልተለወጠ።

ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው፣ መዳፉ ኪሱን ከድኖ፤
ሸሚዙ ላይ የዘይት ነጥብ ይሰፋ ነበር፣
የሳንቲም ያህል ሆኖ።