እኔም አላውቀውም

ታርቱ በረዶ ለብሳ፣ ሌሊቱ ሲጋመስ፣
ሄልቪ የሠራችውን ስትፈታ፣ ስታፈርስ፣
ከስልኩ ሆድ ገብታ፣ ከፋይሎቹ መሀል፣
አየች አንድ የይለፍ ቃል፤ ራቁቱን ተኝቷል።

የሟች ሚስቱ ስም ነው፣ የአጥማጁ የኤንድል፤
ሐይቁ ላይ በረዶው የከዳት ዓመት ተቀጥሏል።
አፈረች፤ ሳታንኳኳ እንደገባች ሰው ቤት፤
ቁልፉን ከደጃፍ ሥር የተወች እሷው ናት።

ጨው ነሰነሰችበት፣ ለየአንዱ የራሱን፤
ፈጨችው ደጋግማ፣ አጠፋች መልኩን፤
ዱቄት ተመልሶ እህል ላይሆን።

በጸደይ መጣ ኤንድል፣ ባርኔጣውን ይዞ፤
«ረሳሁት፣ ንገሪኝ» አላት፣ ዓይኑ ፈዝዞ።

«እኔም አላውቀውም።» አፏን አላት ጨው ጨው።
ስልኩስ ረስቶታል፤
የእሷን ልብ ማን ይፍጨው?