አምስት ክንድ ከስንዝር

ሳስካቱን ላይ በጥር ንፋስ በር አያንኳኳም፣
በመስኮት ስንጥቅ ሾልኮ ሳሎን ይዞ አይረካም፤
እንደ ቅርብ ዘመድ ጓዳ ድረስ ይዘልቃል፣
ድስቴ ምን እንዳለው ከኔ ቀድሞ ያውቃል።

መጋረጃ ይሁነው፤ ወፍራም፣ ባለ ገበር።
ሜትር ፈለግሁለት። ድሮስ ሜትር መች ነበር?
በመሳቢያው ያለው አሮጌ ደረሰኝ፣
የሞተ ባትሪ፣ አንዲት የልጅ ማስመሪያ፤
እሷም እጄ ላይ ተሰበረችብኝ።

እና በክንዴ ለካሁ።
ከክርን እስከ ጣት፣ ከክርን እስከ ጣት፣
ከዘንጉ ጀምሬ እስከ ወለሉ ምንጣፍ፣
አምስት ክንድ ሞላ፤ ስንዝር ሆነ ትራፊው ጫፍ።

ደግሞስ ይህ አገር መች ልኩን ያውቃል ጠንቅቆ?
ብርዱ በሴልሺየስ፣ ምድጃው በፋራናይት ሞቆ፣
መንገዱ በኪሎ ሜትር፣ የሰው ቁመት በጫማ፣
ሥጋው በፓውንድ ተጠርቶ በኪሎ የሚቀማ፤
እኔም ዱቄቱን ሁሌ በኩባያ ስሰፍር፣
«የማን ኩባያ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ይልቃል የበረዶ መጥረጊያ መኪናውን አቁሞ
ሊወጣ ሲል ደወልኩ።
«አምስት ክንድ ከስንዝር» አልኩት፣ «ሱቁ ሳይዘጋ፤ አትርሳ።»
«የማን ክንድ?» አላለም። እኔም አላልኩ። ዝም ብሎ ተነሳ።

የጨርቅ ሱቋ ባለቤት፣ አሮጊቷ ኦሪሲያ፣
«በሜትር ነው? በያርድ?» ብላ ብትጠይቀው እዚያ፣
ካፖርቱን አውልቆ ክንዱን አጋደመ፣
«በዚህ አምስት» ብሎ ጠረጴዛው ዳር ቆመ።

አልሳቀችም፣ ይላል። ከጥቅሉ ስባ፣ ዝም ብላ፣
ካፍንጫዋ እስከ ጣቷ ወጠረች፣ አንገቷን አዘንብላ።
«እናቴ እንዲህ ነበር ቺት ጨርቅ የምትገዛ፣
ከዚያ ከስንዴው እርሻ፣ አፍንጫዋን ብቻ ይዛ።»
ከዚያ በሱ ክንድ አምስት ጊዜ ቆጠረች፣
ስንዝሩንም ለካች፤ ጋት ያህል ጨመረች።
ምራቂ መሆኑ ነው። በእሷ ቋንቋ ስሙን ማን ያውቃል?
እንዲህ ሆኖ መጣ፣ ጨርቁን ተሸክሞ፣ ይልቃል።

ሰቀልነው።
ስንዝር ተኩል ከጋት ወለሉ ላይ ተኛ።
ተያየን፤ ጨርቁ ሲረዝም ያጠርን እኛ።
«አበዛህ!»
«አሳነስሽ!»
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠባችን ይኸው ነበር፣
ማን አበዛ፣ ማን አሳነሰ፣
ጨው ሲነሰነስ፣ ብር ሲቆጠር፣ ይቅርታ ሲሰፈር።

ወንበሩን ገፋሁትና መሬት ቁጭ አልን።
ክንዱን ከክንዴ ጎን፣ ክርን በክርን አስተካክለን፣
የሱ አለፈ። ስንት? በኔው ጣት ቆጠርን።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ሦስት ጣት በየክንዱ፣ ስንዝሩም የድርሻውን ትንሽ፤
ጋቷ ደግሞ የኦሪሲያ፤
ሂሳቡ ሞላ፣ ማንም አልሰረቀ።

ለካ!
ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ በየክንዳችን።
ስሙን በቀን አሥር ጊዜ እጠራዋለሁ፣
ይልቃል፣ ይልቃል፣
በስንት እንደሚልቅ ግን ጠይቄው አላውቅም።

አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ ይባላል፤
እኔ አንዴ ለክቼ አሥር ጊዜ አሰብኩ፣
መቀሱን ወደ መሳቢያው መለስኩ።
የተረፈው ጨርቅ እዚያው ወለሉ ላይ ተኝቷል፣
ከሥሩ ሊያልፍ የመጣው ንፋስ
የሦስት ጣት ክፍተት እንኳ አጥቷል።

በሚያዝያ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ቤት ስጠርግ፣
ከሶፋው ሥር አንድ ቢጫ ነገር ወጣ፣
ተጠቅልሎ፣ አቧራ ለብሶ፣
በአንድ በኩል ኢንች፣ በሌላው ሴንቲ ሜትር።
ከሞተው ባትሪ ጎን አኖርኩት።
ነበረን፣ ለካ።