ሰባት ቤት

ጉሙ ጦሳን ሳይለቀው፣ ቧንቧ ውሃ ጤና ጣቢያ፣
አግዳሚው ላይ ተደርድረን፣ እንደ ማሰሮ በገበያ፣
አንዲት ልጅ ነጭ ጋዋን ለብሳ ወረቀት ታነብልናለች።
አራት ገጽ ነው። ሦስተኛው ላይ ሳል ሳል አለችና፣
«ዘረመል» አለች።
«አንዲት ማንኪያ ደም ናት፣
ለኩላሊት ጥናት።
ስማችሁ እዚሁ ይቀራል፤
ባሕር የሚሻገረው ቁጥሩ ነው፤ ቁጥር ምን ይጎዳል?»

አረቡ ሙሄ ሳቀ፤ ሰኞ ገበያ ጨው የሚመዝነው፦
«ወላሂ፣ እኔ ስመዝን ገዢ ዓይን ሥር ነው፤
ጣቴ ሚዛኑን ከነካች ገበያ ያፈርሳል ጮኾ።
የናንተ ሚዛን ግን የት ነው? አላየነውም እኮ።»

ጦይባ አልሳቀችም። ሦስት ልጆች ቀብራለች፣
ሦስቱም አብጠው፣ በአንድ ሕመም፣ በአሥራ አራት ዓመታቸው።
«አፈር ወሰዳቸው» አለች፤ «አፈር ምን ነገረኝ ኋላ?
እነዚህ ቢወስዱት ደሜን፣ ምናልባት... ምናልባት ሌላ...»
ሳትጨርሰው እጅጌዋን ሰበሰበች።

ጋሽ ደባልቄ ተነሡ፦
«ዘር ሲቆጠር የሚመጣውን እኛ አይተነዋል፣ ልጄ፤
ዝርዝር ይዘው ያንኳኩ ዕለት ማን ነበር የቆመ ከደጄ?
ወረቀት ክፉ ልብ የለውም፤ ያነበበው ነው የሚከፋ።»
ወጡ። በተዉት ክፍት በር፣ ጉሙ ገብቶ ያዘ ወረፋ።

የኔ ተራ ደረሰ። ቅጹ «ዘር» ይላል፣ ባዶ መስመር።
እኔ የይማም ልጅ፣ ይማም የተሰማ፣ ተሰማ የሰይድ ዑመር፤
ሰባት ቤት ለመቁጠር ሦስቴ ጸሎት እቀይራለሁ፤
በየትኛው ቤት ልቁም? የቱን ደጃፍ እጽፋለሁ?

ደግሞ ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቁ ፈረቃ ላይ፣
ማታ በስልክ «እኔ አልሰጥም፤ አንተም ተው» ብሎኛል።
ደሙ ግን እኔ ውስጥ ነው፤ እኔ ስፈርም ይፈርማል፣
እጁን ከማጉ ሳያነሳ፣ ሳያውቅ ጣቱን ያትማል።

ቦርከናም እንዲሁ ወርዶ፣ ሐረጎን በግርጌው ዞሮ፣
ከኛ ወደሱ ይሄዳል፤ አዋሽ ይገባል፣ ኖሮ ኖሮ፤
አዋሽም ባሕር አያይም፣ አሸዋ ይጠጣዋል።
የሄደ ደም እንዲህ ከሆነ፣ ማን «ደረሰ» ይለናል?

ልጅቱን ጠየቅኋት፦ «የተገኘ ነገር ካለ፣
ለጦይባ ማን ይነግራታል?»
ወረቀቱን ገለበጠች፤ አንደኛው ገጽ፣ አራተኛው...
ቀና ብላ «አላውቅም» አለች።
ጠዋቱን ሙሉ ካነበበችው፣ ያመንኳት እዚህ ጋ ነው።

እስክሪብቶዋን ተቀበልኋት። «ዘር» ያለውን ባዶ ተውኩት፤
በኅዳጉ፣ ከፊርማው ቦታ በላይ፣
ጦይባን ጠይቄ፣ ስልኳን ጻፍኩት።
«የሚሄደው ቁጥር ነው ካላችሁ፣
ይኸውላችሁ፣ ቁጥር ነው፤
ደውሉበት፣ ሲነጋላችሁ።»